ሁለት ጎረቤት ኮከቦች

ዛሬ ኮምፒውተሬ ላይ ተተክዬ ዋልኩ። የሲሪየስንና የባርናርድን ኮከብ ስፔክትረም፣ ማለትም ብርሃናቸው በየቀለሙ ተበትኖ የሚያሳየውን ግራፍ፣ ጎን ለጎን ከፍቼ ሳይ ነበር። ሁለቱም ጎረቤቶቻችን ናቸው። ሲሪየስ 8.6 የብርሃን ዓመት ይርቀናል፣ ባርናርድ ደግሞ 6 ገደማ።

ብርሃናቸው እንደ ቀስተ ደመና ሲበተን ግን ጭራሽ አይገናኙም። ሲሪየስ ላይ የሃይድሮጅን መስመሮች፣ ማለትም ሃይድሮጅን ብርሃኑን የዋጠባቸው ቦታዎች፣ ጎልተው ይታያሉ። በተለይ በቀዩ በኩል፣ 656 ናኖሜትር የሞገድ ርዝመት ላይ ያለችው፣ ግራፉ ላይ እንደ ገደል ቁልቁል ትወርዳለች። ባርናርድ ላይ ደግሞ ቲታኒየም ኦክሳይድ የሚባል ሞለኪውል ብርሃኑን በሰፊው እየበላ ግራፉን የመጋዝ ጥርስ አስመስሎታል። ሞለኪውሉ ሳይበታተን የተረፈው ኮከቡ ቀዝቀዝ ያለ ስለሆነ ነው፤ ሙቀቱ ከ3,000 ኬልቪን ብዙም አይበልጥም። ሲሪየስ ወደ 10,000 ይጠጋል። ኮከቦች እንደ ሙቀታቸው በፊደል ሲመደቡ፣ ሲሪየስ ኤ፣ ባርናርድ ኤም ምድብ የገቡት ለዚህ ነው።

ይህን የፊደል ቅደም ተከተል ያስያዘችው አሜሪካዊቷ የሥነ ፈለክ ተመራማሪ አኒ ጃምፕ ካነን ናት። ሃርቫርድ ተቀምጣ ወደ 350,000 ኮከቦችን አንድ በአንድ በዓይኗ እያየች መደበች። ትዕግሥቷን ሳስበው ልቤን ይነካኛል።

ማታ በረንዳ ላይ ወጣሁ። ሲሪየስ ኦሪዮን በሚባለው የኮከቦች ስብስብ መሃል ከተደረደሩት ሦስት ኮከቦች ዝቅ ብሎ ቦግ ብሏል። ባርናርድ ግን ይበልጥ ቢቀርበንም በዓይን ብቻ አይታይም።