ጅማ ላይ በነሐሴ ሩሎ አትያዙ

ሳሎናችን ውስጥ አንድ ቁም ሳጥን አለ። ቦታው መኝታ ቤት ነበር። ካለፈው እንቁጣጣሽ ዋዜማ ጀምሮ ግን የሳሎኑን አንድ ግድግዳ ሸፍኖ ቆሟል። እንግዳ ሲመጣ «ቁም ሳጥን ሳሎን ውስጥ?» ይለኛል። «መኝታ ቤቱ ጠቦን ነው» እላለሁ። ውሸቴን ነው። ከጀርባው ያለውን ጉድ እንዳያዩብኝ ነው።

ለበዓል ብላችሁ ቤት ልትቀቡ ለምትነሱ የከተማዬ ሰዎች ነው የምጽፈው። እኔን በጊዜው የነገረኝ አልነበረም። አንድ ሰው ነገሩኝ፣ እሳቸውም ቀለሙ ካለቀ በኋላ።

ነገሩ የጀመረው ሐምሌ ላይ ነው። ከአዲስ አበባ የመጡ ዘመዶችን ይዤ ጅሬን፣ አባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ወጣሁ። በተማሪነቴ ስንት ጊዜ አይቼዋለሁ። የዚያን ቀን ግን ቤት ማሳመር አምሮኝ ስለነበር ሌላ ዓይን አወጣሁ። የሰገነቱ የእንጨት ፍልፍል፣ የጠቆረው እንጨት፣ ከጀርባው ነጣ ያለው ግድግዳ። በስልኬ ሳነሳ ዋልኩ። «ሳሎኔ ይህን ይመስላል» አልኩ፤ ነጭ ግድግዳ፣ ጠቆር ያለ እንጨት፣ ሌላ ምንም።

የቀረው ቀላል ነበር። ብልጭልጩን መጋረጃ አውርጄ በሸማ ጨርቅ ቀየርኩት። ከጠራቢዎች ሦስት የዋንዛ በርጩማ ገዛሁ። የፕላስቲክ አበቦቹን ለእህቴ ሰጠኋት፤ እስካሁን አኩርፋለች። ረከቦቱን መስኮቱ ሥር አደረግኩት። ይህ ሁሉ አንድ ሳምንት አልፈጀም፣ ቤቱም እውነትም አማረ። እዚያ ላይ ብቆም ኖሮ!

ቤታችን የጭቃ ቤት ነው። አባቴ ሲሠራው ውስጡም ውጪውም በጭቃና በጭድ ነበር የተመረገው። ኋላ ላይ ሰፈሩ ሁሉ ውጪውን በሲሚንቶ ሲያስለስን እኛም አስለሰንን። ከእኔ ድርሻ ውስጡን ነጭ ማድረግ ብቻ ቀረ። ነሐሴ 20 ቀለም ቀቢ ጠራሁ። ልጁ ግድግዳውን በመዳፉ መታ መታ አደረገና «እህቴ፣ ፕላስቲክ ቀለም ነው የምንመታው፣ ውሃ አይነካውም» አለኝ። ልቤ የፈለገውን ስለነገረኝ አመንኩት። ስቱኮ፣ ብርጭቆ ወረቀት፣ ሁለት እጅ ቀለም። ቆርቆሮው ላይ «ከ4 ሰዓት በኋላ ይድገሙ» ይላል። ደገምን። ያን ሰሞን ከቤታችን ውስጥ ፎጣ እንኳ በሁለት ቀን አይደርቅም ነበር።

ለሦስት ቀን ቤተ መንግሥት ኖርኩ።

በአራተኛው ቀን ጠዋት ከዞኮሎው፣ ከግድግዳው ግርጌ ጠርዝ፣ ከፍ ብሎ አንድ እብጠት አየሁ፤ የሽምብራ ፍሬ ታክላለች። ማታ ሲሆን የእጄን መዳፍ አከለች። በጥፍሬ ነካ አደረግኳት። እንደ ተቃጠለ ቆዳ ውሃ ቋጥራ ኖሯል፣ ቡናማ ውሃ በነጩ ግድግዳ ላይ እየወረደ ወለሉ ድረስ መስመር ሠራ። ሽታው የክረምት ጭቃ ነው።

ቀቢው መጣ። «ቀለሙ ምንም የለበትም፣ ግድግዳሽ ነው» አለ። እውነቱን ነበር፤ የሚያናድደኝም እሱ ነው። ግድግዳው ከሆነ ለምን ቀባኸው? አልጠየቅኩትም። «አንድ እጅ እንድገምለት» ሲለኝ ከፍዬ አስደገምኩ። ሲያብጥ አስፍቄ ስቱኮ አስሞላሁ። እሱም ሲያብጥ «የዘይት ቀለም ከመታነው ያበቃለታል» አለ፣ ጳጉሜን 2 በዘይት ቀለም አስመታሁ። አንድ ግድግዳ ላይ አራት ዓይነት ሞኝነት ደራርቤ በዓሉን ጠበቅኩ።

ዋዜማው ምሽት ቄጤማው ተጎዝጉዟል፣ ቡናው ሁለተኛው ላይ ደርሷል፣ አማቴም ተቀምጠዋል። አንድ ነገር ሸርተት ሲል ሰማን። የምጣድ አክንባሎ የሚያክል ቅርፊት፣ ቀለሙ ከነስቱኮው፣ ከግድግዳው ተገንጥሎ ቄጤማው ላይ ተዘረጋ። ዝም ተባለ። አማቴ «እንኳን ሰው ላይ አልወደቀ» አሉ። ከዚያ በላይ ምንም አላሉም፤ ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር። ባለቤቴ ያን ሌሊት ቁም ሳጥኑን ጎተተው።

ለእንኳን አደረሳችሁ የመጡት ጎረቤታችን ሐጂ ናቸው ነገሩን የፈቱት። ዕድሜያቸውን በሙሉ ቡና ሲነግዱ የኖሩ ሰው ናቸው። ከቁም ሳጥኑ ጀርባ አንገታቸውን አስገብተው አዩና «ልጄ፣ እርጥብ ቡና ጆንያ ውስጥ ከተሽ አፉን ሰፋሽው እኮ» አሉኝ። ቡና እርጥበቱ ወደ 12 በመቶ ሳይወርድ ካከማቸኸው ይሻግታል፤ ይህን የጅማ ልጅ ሁሉ ያውቃል። ግድግዳም እንደዚያ መሆኑን ግን ለራሴ ነግሬው አላውቅም።

«አሁን ከየት እንደሚጠጣ እንይ» ብለው በዝናብ ጃንጥላ ይዘን ወጣን። ያ ግድግዳ ነፋስ ዝናቡን የሚገፋበት ወገን ነው። ታዛችን ከአንድ ስንዝር አይበልጥም። ሲሚንቶው ላይ ፀጉር የምታክል ስንጥቅ አለች፣ ውሃው በእሷ ይገባል። ጭቃው ይጠጣል። ሲሚንቶው ደግሞ የገባውን መልሶ አያስወጣም። አባቴ በመረገው ጊዜ እርጥበቱ በውጪም በውስጥም ተንፍሶ በበጋ ይደርቅ ነበር። የውጪውን በር በሲሚንቶ ዘጋን፤ የውስጡን እኔ በፕላስቲክና በዘይት ቀለም ዘጋሁት። በዓመት 1,500 ሚሊ ሜትር ገደማ በሚዘንብበት አገር!

ማታ የጅሬን ፎቶዎቼን ከፈትኩ። ፍልፍል፣ ፍልፍል፣ ፍልፍል። አንዱ ላይ ብቻ ሳላስበው ጣሪያው ገብቷል። ሰፊ ታዛ፣ ከሥሩ ሰፊ በረንዳ፣ ግድግዳው ከጀርባ ርቆ ደርቆ ተቀምጧል። ያ ያደነቅኩት ጌጥ ሁሉ ያለው ዝናቡን ከግድግዳው የሚያርቀው በረንዳ ላይ ነው። ጌጡን አይቼ ቤቱን ሳላይ ተመለስኩ ማለት ነው።

መስከረም አጋማሽ ላይ ታዛውን በአንድ ሜትር ላስረዝም የግንባታ ፈቃድ ቢሮ ሄጄ ጠየቅኩ። አንዱ «ጥገና ነው፣ ማመልከቻ ይበቃል» አለኝ። ሌላው «ማስፋፋት ነው፣ ፕላን አሠሪ» አለኝ። ፕላን አሠርቼ ስመለስ የመጀመሪያው ሰው ተዛውሯል፣ ፋይሌም አብሮት የተዛወረ ይመስል ጠፍቷል። ሰባት ጊዜ ተመላልሻለሁ። በእነሱ ብቻ አልፈርድም። ጥቅምት ላይ ፀሐይ ሲወጣ ነገሩን ረስቼ ሁለት ወር ተኛሁ፤ ያኔ ብገፋበት ኖሮ ያልቅ ነበር።

በጋውን ግን የመኝታ ቤቱን ግድግዳ በትክክል ሠራሁ፤ ቀቢም አልጠራሁም። የድሮውን ቀለም እስከ ጭቃው ፍቄ ሦስት ወር ራቁቱን ተውኩት። ጥር ላይ ፌስታል ቀድጄ ዙሪያውን በፕላስተር አጣብቄበት አደርኩ። ጠዋት ከጀርባው ጤዛ ካለ ገና ነው፤ የእኔ ደረቅ ነበር። ስንጥቁን በጭቃና በጭድ ደፈንኩ። ኖራውን ሌሊቱን ነክሬ፣ አጥልዬ፣ እንደ ወተት አቅጥኜ፣ ግድግዳውን በውሃ ርጨት አድርጌ አራት ጊዜ ቀባሁ። ሲቀባ ምንም የያዘ አይመስልም፣ ሲደርቅ ነው የሚነጣው። ዓይናችሁን ጠብቁ፣ ኖራ ያቃጥላል። ልብስ ሲነካው ይለቃል፤ የቀለም ሻጮች በዚህ ይስቁበታል። ይሳቁ። ነሐሴ ገብቶም አንድ እብጠት የለውም።

ስለዚህ የቆርቆሮውን ጽሑፍ ለደረቅ አገር ተዉለት፣ ጅማ ላይ በአንዱና በሁለተኛው እጅ መካከል ሁለት ቀን ስጡ፣ እሱንም በበጋ። አዲስ የሲሚንቶ ልስን ከሆነ ደግሞ አንድ ወር ሳይሞላው ቀለም አታስነኩት። ለእንቁጣጣሽ ጨርቁን ቀይሩ፣ በርጩማውን ወልውሉ፣ ቄጤማና አደይ አበባ ግዙ። ግድግዳው ይጠብቃችኋል።

ትናንት ፌስታሉን የሳሎኑ ግድግዳ ላይ ለጥፌ አደርኩ። ዛሬ ጠዋት ቁም ሳጥኑን ገፍቼ አየሁት፣ ውሃው ከሥር ተጠራቅሞ እንደ ከረጢት ተንጠልጥሏል። ፎቶ አንስቼ ለስምንተኛ ጊዜ ቢሮው ሄድኩ። ልጅቷ ፎቶውን አይታ አዘነችልኝ።

«ከበዓል በኋላ ይምጡ» አለችኝ።