«ባልና ሚስት ናቸው» ያልኩ ቀን

አስተርጓሚ ነኝ። ለንደን ውስጥ ከአማርኛ ወደ እንግሊዝኛ፣ ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ ስተረጉም ነው የምውለው። ብዙውን ጊዜ ሥራዬ ሆስፒታልና ጠበቃ ቢሮ ነው። እዚያ ደንቡ ግልጽ ነው። የተባለውን ትላለህ፤ አትጨምርም፣ አትቀንስም። ሐኪም ከባድ ነገር ሲናገር እንኳ አለስልሼ አላውቅም። ያለሰለስኩት አንድ ሥዕል ፊት ቆሜ ነው።

የዚያን ቀን ሥራው ቀላል መስሎኝ ነበር። በዕድሜ የገፉ የአገራችን እናቶችና አባቶች ትራፋልጋር አደባባይ ያለውን ናሽናል ጋለሪ ሊጎበኙ መጡ። አስጎብኚዋ ታስረዳለች፣ እኔ እተረጉማለሁ። እናቶቹ ነጠላቸውን አጣፍተው፣ ቤተ ክርስቲያን የገቡ ያህል ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ነበር የሚሄዱት።

የጣሊያኑ ሠዓሊ ቦቲቼሊ የሳለው «ቬነስና ማርስ» ጋ ደረስን። በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1485 ገደማ፣ ጣውላ ላይ የተሳለ ነው። ቁመቱ 69 ሴንቲ ሜትር፣ ወርዱ ግን 173። በግራ በኩል ቬነስ፣ ሮማውያን የፍቅር አምላክ የሚሏት፣ ነጭ ቀሚስ ለብሳ ጋደም ብላለች። ዓይኗ ንቁ ነው። በቀኝ የጦርነቱ አምላክ ማርስ ራቁቱን፣ ጨርቅ ብቻ ጣል ተደርጎበት፣ አፉን ከፈት አድርጎ እንቅልፍ ጭልጥ አድርጎ ወስዶታል። ግማሽ ሰው ግማሽ ፍየል የሆኑ አራት ሕፃናት በመሣሪያው ይጫወታሉ። አንዱ የራስ ቁሩን ደፍቶ ፊቱ ጠፍቷል። አንዱ ጥሩሩ ውስጥ ገብቷል። አንዱ ትልቅ የባሕር ዛጎል ጆሮው ላይ ይነፋበታል። ማርስ ንቅንቅ አላለም።

አስጎብኚዋ ፍቅረኛሞች መሆናቸውን ተናገረች። እኔ ዞር ብዬ እናቴን የሚያክሉ ሴቶች ራቁቱን ከተኛ ሰው ፊት ቆመው አየሁ። አፌ ላይ የመጣው «ባልና ሚስት ናቸው» የሚለው ሆነ።

«እሰይ!» አሉ አንዲት እናት። «ከዘመቻ ገብቶ ነዋ፤ ደክሞት ነው። ጦሩንም ልጆቹ ወሰዱበት።» ሁሉም በዚሁ ተስማሙ። እኔም ቀለል አለኝ።

አስጎብኚዋ ቀጠለች። የቬነስ ባል ቩልካን የሚባል ብረት ቀጥቃጭ ነው። ሁለቱን አብረው ሲተኙ ጠብቆ፣ ለዓይን በማይታይ መረብ እንደያዛቸው በተረቱ ይነገራል። ይህን ብላ እንድተረጉም ዝም አለች። እኔም ዝም አልኩ። ፊቴ ሲግል ይሰማኛል።

«ምን አለች?» አሉ እናትየዋ።

መጀመሪያ ለአስጎብኚዋ ስህተት መሥራቴን በእንግሊዝኛ ነገርኳት። ከዚያ ወደ እነሱ ዞርኩ። «ይቅርታ፤ አፍሬ ነው። ባልና ሚስት አይደሉም። ባሏ ሌላ ነው፣ ብረት ቀጥቃጭ። ይሄ ውሽማዋ ነው።»

«ልጄ፣ እኛ እኮ የዳዊትንና የቤርሳቤህን ታሪክ እየሰማን ያደግን ሰዎች ነን። ምን ብለህ ደበቅኸን?» አሉኝ። ቁጣ የለበትም። እሱ ነው ይበልጥ የከበደኝ። ለእነሱ ክብር ያደረግኩ መስሎኝ እንደ ሕፃን ቆጥሬያቸው ነበር።

ከዚያ አስጎብኚዋ ሥዕሉ እንዲህ የረዘመው የመኝታ ቤት ዕቃ ላይ እንዲገጠም ተብሎ፣ ምናልባትም ለሠርግ የተሠራ ስለሆነ እንደሚመስል ነገረችን። አንድ ሽማግሌ ወዲያው ጠየቁ፦ «ለሙሽሮች ከሆነ ውሽሞችን ምን ብሎ ሳለላቸው?»

ተረጎምኩ። የአስጎብኚዋ ፊት በራ። ለካ ምሁራኑ የሚከራከሩበት ጥያቄ ይኸው ነው! አንዳንዶቹ ፍቅር ጦርነትን ያሸንፋል ማለት ነው ይላሉ። የዚያው ዘመን የፍሎረንስ ፈላስፋ ማርሲሊዮ ፊቺኖ የቬነስ ኮከብ የማርስን ቁጣ እንደምታበርድ ጽፎ ነበር። ሌሎቹ ደግሞ የሙሽሮች ጨዋታ ነው ባዮች ናቸው፤ እሷ ነቅታ እሱ ተኝቷል። እዚህ ላይ እናቶቹ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ሳቁ። ማርስ ራስጌ የሚዞሩት ተርቦችም አሉ። ተርብ በጣሊያንኛ ቬስፓ ነው፤ የቦቲቼሊ ጎረቤቶች ደግሞ ቬስፑቺዎች ነበሩ። ሥዕሉን ያዘዙት እነሱ ይሆናሉ የሚባለው ለዚህ ነው። የእኔ «ባልና ሚስት» ይህን ሁሉ ነበር የሚያዳፍነው።

ልንሄድ ስንል እናትየዋ ጎንበስ ብለው የቀኙን የታች ጥግ አዩ። ጥሩሩ ውስጥ የገባው ሕፃን እጁን አንድ ፍሬ ላይ አሳርፏል።

«ይሄ አስተናግር አይደለም? የቀመሰው ሰው ይለፈልፋል። ስሙም ለዚያ ነው።»

አንድም ሳልቀንስ ተረጎምኩ። አስጎብኚዋ ደነገጠች። በአውሮፓውያን 2010 አንድ ምሁር ልክ ይህንኑ ተክል ጠቅሶ ነበር አለች። ግን አስተናግር የመጣው ከአሜሪካ ነው ይባላል፤ ሥዕሉ ደግሞ ኮሎምበስ በ1492 ከመሻገሩ በፊት የተሳለ ነው። ስለዚህ ሌሎች ሲበስል ዘሩን የሚተፋ የሜዲትራኒያን ተክል ነው ይላሉ።

እናትየዋ ሰምተው ጨረሱ። የተኛውን ሰውዬ እንደገና አዩት።

«እንግዲህ እኔ የማውቀውን ነው የተናገርኩት» አሉ።

ይህንንም ቃል በቃል ተረጎምኩላት።