ሮትሲን በእግር

በስኮትላንድ ምዕራብ ዳርቻ፣ በቢዩት ደሴት ላይ ያለችው ሮትሲ የተሠራችው ከመርከብ ወርዶ በእግሩ ለሚሄድ ሰው ነው። ዛሬም በመኪና የሚመጣ ብዙ ያመልጠዋል ብዬ አምናለሁ።

በ1812 (ዘመኑ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው) ኮሜት የተባለችው የእንፋሎት ጀልባ በግላስጎው ከተማ በሚያልፈው በክላይድ ወንዝ ላይ መንገደኛ ማመላለስ ጀመረች። ከዚያ ወዲህ ባሕር ዳር መዝናናት የባለጠጋ ብቻ መሆኑ ቀረ። በሐምሌ የግላስጎው ፋብሪካዎች ሲዘጉ ሠራተኛው ቤተሰቡን ይዞ ወደ ሮትሲ ይጎርፍ ነበር። ሆቴሉ፣ የሚከራየው ክፍል፣ የባሕር ዳር መናፈሻው ሁሉ ወደቡ ዙሪያ የተሰበሰበው ለዚህ ነው።

የጉዞው ግማሽ ደስታ ወደ ሮትሲ የሚሻገረው መርከብ የሚነሳበት የዊምስ ቤይ ባቡር ጣቢያ ነው። ከግላስጎው ሴንትራል አንድ ሰዓት ገደማ ይወስዳል። በ1903 የተጠናቀቀውን ይህን ጣቢያ የነደፈው አርክቴክቱ ጄምስ ሚለር ነው። የመስታወት ጣሪያውን የተሸከመው ብረት ከቲኬት ቢሮው ዙሪያ ተጠማዞ ይወጣል። ወደ መርከቡ የሚወስደው ሰፊና ጣሪያ ያለው መንገድ ደረጃ የለውም፤ ሻንጣና ሕፃን የያዘ ሕዝብ ሳይጨናነቅ እንዲወርድ ታስቦ ነው። ቲኬት ስትገዙ ባቡሩንና መርከቡን አንድ ላይ ጠይቁ። ባሕሩን ለመሻገር 35 ደቂቃ ይበቃል።

ከሮትሲ ወደብ ጥቂት ደቂቃ ሄዳችሁ ግንቡ፣ ማለትም ጥንታዊው ምሽግ ጋ ትደርሳላችሁ። ቅጥሩ ክብ ነው፤ በስኮትላንድ እንዲህ ያለ ሌላ የለም። ዙሪያውን ውሃ የያዘ ቦይ ከቦታል። በ1230 የኖርዌይ ተዋጊዎች ድንጋዩን በመጥረቢያ ጠርበው እንደገቡ የኖርስ (የጥንት ስካንዲኔቪያውያን) ትረካ ይናገራል። የስኮትላንድ አልጋ ወራሽም ከ1398 ጀምሮ የሮትሲ መስፍን ይባላል።

ወደቡ ላይ ያለውን የ1899 የወንዶች ሽንት ቤት ሳታዩ አትለፉ። ወለሉ ሞዛይክ ነው፤ የውሃ ማጠራቀሚያዎቹ ጎናቸው መስታወት ስለሆነ ውሃው ሲሞላና ሲወርድ ይታያል። ትንሽ ክፍያ አለው፤ ሴቶችም ወንድ በሌለበት ጊዜ ገብተው ማየት ይችላሉ። ለተርታው መንገደኛ ይህን ያህል መጠበባቸው ልቤን ይነካዋል።

ከ1960ዎቹ ወዲህ ርካሽ በረራ ሠራተኛውን ወደ ስፔን ወሰደው፤ ከተማዋም ተጎዳች። በ1938 የተከፈተው ፓቪሊዮን የተሰኘው የዳንስና የሙዚቃ አዳራሽ የዚያ ደማቅ ዘመን የመጨረሻ ትልቅ ሥራ ነው ማለት ይቻላል።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ማውንት ስቱዋርትን በአንድ ቀን ጉዞ ላይ ሲደርብ ነው። ይህ በ1877 ቃጠሎ ከደረሰ በኋላ እንደ አዲስ የታነጸ የጎቲክ ቤተ መንግሥት ከከተማው ወደ 8 ኪሎ ሜትር ይርቃል። የእብነ በረድ አዳራሹ ብቻውን ረጅም ጊዜ ይፈልጋል። በአውሮፓ የብርድ ወራት ስለሚዘጋ የመክፈቻ ቀኑን አስቀድማችሁ አረጋግጡ፤ ግማሽ ቀንም መድቡለት፤ ካልሆነ ግን ግንቡንና ባሕር ዳሩን ይዛችሁ እሱን ለሌላ ጊዜ ተዉት።

ነፋስ ሲበረታ መርከቡ ዊምስ ቤይን ትቶ ጉሮክ የተባለ ሌላ ወደብ ሊያርፍ ይችላልና ጠዋት የመርከብ ድርጅቱን ማስታወቂያ ተመልከቱ። ጉሮክም ወደ ግላስጎው የሚወስድ የራሱ ባቡር ስላለው እግረኛ ብዙ አይጉላላም፤ የሚቸገረው መኪናውን ዊምስ ቤይ አቁሞ የተሻገረ ሰው ነው።