ቅቤው ያፈሰሰብኝ ኮኮናት፦ ለሳባሪማላ ስለት ለምትነሱ

የሳባሪማላን የ41 ቀን ስለት ከመጀመሬ በፊት ያገኘሁት ሰው ሁሉ የመከረኝ ስለ ባዶ እግርና ስለ ቀዝቃዛ ውኃ ነው። ስለ ኮኮናቱ ትንፍሽ ያለ የለም። እኔን ያዋረደኝ ግን ኮኮናቱ ነው።

ለማታውቁት፣ ሳባሪማላ በደቡብ ሕንድ በኬረላ ግዛት፣ በፔሪያር የነብር ጥብቅ ደን ውስጥ ያለ፣ አያፓ የተባለው የሂንዱ አምላክ መቅደስ ነው። ዋናው ወቅት በእኛ አቆጣጠር ኅዳር 7 ግድም ተጀምሮ ታኅሣሥ 18 ግድም ያበቃል። የየትኛውም ሃይማኖት ሰው ይገባል። ከ10 እስከ 50 ዓመት ባሉ ሴቶች ላይ የነበረውን ክልከላ የሕንድ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2018 እ.ኤ.አ. ቢሽረውም ክርክሩ በዚያ አልቆመም፤ እህቶች ከመነሳታችሁ በፊት አጣሩ።

ስለቱ የሚጀምረው የቱልሲ እንጨት ወይም የሩድራክሻ ፍሬ መቁጠሪያ በጉሩስዋሚ እጅ አንገት ላይ ሲገባ ነው። ጉሩስዋሚ ማለት ተራራውን ደጋግሞ፣ በልማዱ 18 ጊዜ፣ የወጣ መሪ ነው። ከዚያ ጥቁር ልብስ፣ ባዶ እግር፣ መሬት ላይ መተኛት፣ ጠዋትና ማታ በቀዝቃዛ ውኃ መታጠብ። ምላጭ፣ ሥጋ፣ እንቁላል፣ መጠጥ፣ ሲጋራ፣ ሩካቤ የለም። ወተትና ቅቤ ስለሚፈቀድ በእኛ ጾም ላደገ ሰው ምግቡ ቀልድ ነው። የሚከብደው አለመቆጣት ነው። “ሳምንት ይበቃል” የሚሏችሁን አትስሙ፤ የእኔ የእግር ቆዳ እንኳ እስኪጠነክር ሦስት ሳምንት ፈጅቷል።

አሁን ወደ ኮኮናቱ። ስለተኛው ራሱ ላይ የሚሸከመው ኢሩሙዲ የሚባል ባለ ሁለት ኪስ ቋጠሮ አለ፤ ያለ እሱ ወደ መቅደሱ የሚያስገቡትን 18 ደረጃዎች መውጣት አይፈቀድም። የፊተኛው ኪስ የአምላክ ነው፣ የኋለኛው የራስ ስንቅ። በፊተኛው ውስጥ ዋናው ነገር ቅቤ የተሞላ ኮኮናት ነው፦ ቅርፊቱ ሥጋ፣ የሚደፋው ውኃ የዓለም ምኞት፣ የሚተካው ቅቤ ነፍስ።

ስትመርጡ ነቅነቅ አድርጉት፤ ውኃው ሲንቦጫረቅ መሰማት አለበት። ሦስቱን ዓይኖች በአውራ ጣት ተጫኑ፤ የረጠበ ወይም የሻገተ ካለ ተዉት። ቃጫው ተፍቆ ቅርፊቱ ይለስልስ። ከሦስቱ ዓይኖች አንዱ ለስላሳ ነው፤ እሱን በወስፌ ብሱና ውኃውን አንጠፍጥፉ። እስከዚህ ሁሉም ሰው ይሳካለታል።

እኔ ውኃው ወጣ ብዬ ወዲያው ቅቤ ገለበጥኩበት፤ ያውም ከእሳት የወረደ ትኩስ፣ እስከ አፉ። ቀዳዳውን በቡሽ ደፍኜ በላዩ ሰም አፈሰስኩ። የዓይኑ ጠርዝ እርጥብ ስለነበር ሰሙ አልያዘም፤ ሰም እርጥብ ነገር ላይ የያዘ ይመስላል እንጂ አይዝም። ትኩሱ ቅቤ ደግሞ ከሥር ሰሙን አላላው፤ ሲቀዘቅዝ ተኮማተረና ሰሙ ወደ ውስጥ ሰምጦ ተሰነጠቀ። ቡሹን የሸጠልኝ ባለሱቅ መጠኑን አልለካልኝም ነበር፤ እኔም አልለካሁ፣ በሰው ማሳበብ አያዋጣም።

እናንተ እንዲህ አድርጉ። ውኃው ከወጣ በኋላ ዓይኑን ቁልቁል አድርጋችሁ ቢያንስ አንድ ሰዓት ተዉት፤ የዓይኑን ዙሪያ በደረቅ ጨርቅ ጥረጉ። ቅቤው የላም ንጥር ይሁን፣ ኮረሪማም ኮሰረትም ያልነካው፤ ከእናት ቤት የተላከውን እንዳታስቡት። ለአንድ መካከለኛ ኮኮናት ሩብ ሊትር ግድም አዘጋጁ። ጣት የማያቃጥል ለብታ ላይ ሲደርስ፣ አየሩ እንዲወጣ እያረፋችሁ፣ ቀስ ብላችሁ አንቆርቁሩ። ከአፉ ትንሽ አጉድሉ። ቡሹን አጥብቃችሁ ከቅርፊቱ እኩል ቁረጡት፣ ከዚያ ሰም። በመጨረሻ ወረቀት ላይ ድፉት፤ ወረቀቱ ወዝ ካሳየ እንደገና ጀምሩ። ቅቤው የሚሞላው ኬቱኒራ በሚባለው የመነሻ ሥነ ሥርዓት ላይ፣ በዝማሬና በጥድፊያ መካከል ነው። ስለዚህ መብሳቱንና ማድረቁን ቀድማችሁ ቤት ጨርሱ። “እዚያው ይደረጋል” ቢሏችሁም እሺ አትበሉ።

ከፓምባ ወንዝ እስከ መቅደሱ 5 ኪሎ ሜትር ግድም ነው፣ አብዛኛው አቀበት። አፓቺሜዱ የሚባለው ዳገት ላይ በግንባሬ የወረደው ላብ መስሎኝ በክንዴ ጠረግኩት። ቅቤ ነው። ቋጠሮው ውስጥ የነበሩት ሩዝና ዕርድ ተለውሰው ሊጥ ሆነዋል። ጉሩስዋሚያችንን “ይሄ የካርማ፣ ያለፈ ሥራዬ፣ ዕዳ ይሆን?” ብላቸው ኮኮናቱን አገላብጠው አሸተቱና “ካርማ አይደለም ስዋሚ፣ አላደረቅኸውም” አሉኝ።

ጥያቄዬ ከየት እንደመጣ አውቃለሁ። ጥቁሩ ልብስ የሻኒ፣ የሳተርን አምላክ፣ ቀለም ነው። ሳተርን በአንድ የኮከብ ምድብ ሁለት ዓመት ተኩል ይቆያል፤ በሦስት ምድቦች ሲያልፍ ሰባት ዓመት ተኩል መከራ ይሆናል ይላሉ። አያፓ ያን መከራ ለስለተኞቹ በ41 ቀን አስለወጠላቸው የሚል ትረካ አለ። ብዙ ሰው ከዚህ ተነስቶ እግሩ በደማ ቁጥር ዕዳ የሚቀነስለት ይመስለዋል። አጉል ስሌት ነው። ቬዳንታ የሚባለው የሂንዱ ፍልስፍና መምህራን ካርማን በፍላጻ ይመስሉታል፦ ሳንቺታ በሰገባ ያለው፣ ፕራራብዳ የተወረወረው፣ አጋሚ ገና እጅ ላይ ያለው። የተወረወረውን ፍላጻ ደም አይመልሰውም፤ ስለቱ የሚሠራው እጅ ላይ ባለው ነው። እግራችሁ ሲቆስል ፕላስተር ለጥፉ። ለመጀመሪያ ጊዜ የሚወጣ ሰው የእንጨት ፍላጻ ይዞ መንገዱ ላይ ሳራምኩቲ በሚባል ቦታ ይተክላል፤ ፍላጻውን ስተክል ይህን ባውቅ ኖሮ ባልተጨናነቅኩ።

ሌላው የሚያናድደኝ የሰዓቱ ነገር ነው። ቅቤው ጣዖቱ ላይ የሚፈስሰው ከሌሊቱ 9 ሰዓት ግድም ጀምሮ ከእኩለ ቀን በፊት እስኪያበቃ ነው። በኦንላይን ቀጠሮው ላይ ያለው ሰዓት ደግሞ ፓምባ የምትደርሱበት እንጂ መቅደሱ ፊት የምትቆሙበት አይደለም። ይህን አንድ ተቆጣጣሪ እያዛጋ የነገረኝ ካረፈደ በኋላ ነው፤ ሲሚንቶ ላይ አደርኩ። ለሌሊቱ እንድትደርሱ የማታ ቀጠሮ ያዙ።

ሲነጋ ኮኮናቱ ተሰብሮ የተረፈው ቅቤ ተወሰደ፣ ቅርፊቱ ከመቅደሱ ፊት ወደሚነደው ትልቅ እሳት ተጣለ። ከፈሰሰው ቅቤ ትንሽ ለቤት ይሰጣችኋል። ኢሩሙዲ ውስጥ ፕላስቲክ ስለማይፈለግ ክዳኑ የሚጠመዘዝ ትንሽ የብረት ዕቃ ያዙ፤ እኔ በሙዝ ቅጠል ጠቅልዬ ነው የወረድኩት፣ እሱም አፈሰሰ።