ተፈጭቶ ዳግም የሚቀረጽ ኢፖክሲ፦ በቃሊቲ ያለፍሁበት ሥራ

ኢፖክሲ፣ ማለትም ከማጠንከሪያ ጋር ተቀላቅሎ የሚጠነክረው ሙጫ፣ አንድ ጊዜ ከጠነከረ በኋላ ቢያሞቁት ይከስላል እንጂ አይቀልጥም፤ ሞለኪውሎቹ እንደ መረብ ስለሚተሳሰሩ ቁርጥራጩ ይጣላል። በ2011 እ.ኤ.አ. ፓሪስ ውስጥ የሉድቪክ ሌብለር ቡድን የትስስሮቹ ቁጥር ሳይቀንስ እርስ በርሳቸው ቦታ የሚለዋወጡበትን፣ በዚህም ሲሞቅ ዳግም የሚቀረጸውን፣ ቪትሪመር የተባለውን ቁስ ይፋ አደረገ። እኔም በአዲስ አበባ ዳርቻ፣ ቃሊቲ በሚገኝ አነስተኛ ወርክሾፕ ያንኑ መንገድ ተከተልሁ።

ለማጠንከሪያነት የመረጥሁት ከጉሎ ዘይት የሚሠራውን ሴባሲክ አሲድ ነው። ዱቄቱ ከሙጫው ጋር በወጉ የሚዋሃደው ሲቀልጥ፣ ማለትም ከ133 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ በላይ ሲሞቅ ነው። መጠኑ በግምት አይወሰንም፤ በመያዣው ላይ የተጻፈው የሙጫው አቻ ክብደት (ለአንድ የኢፖክሲ ቀለበት፣ ማለትም ከአሲዱ ጋር ለሚጣመረው የሙጫው ክፍል፣ የሚደርሰው የሙጫ ክብደት) 187 ከሆነ፣ ለ100 ግራም ሙጫ 54 ግራም አሲድ ያስፈልጋል። እንዲህ ሲመጣጠን እያንዳንዱ የኢፖክሲ ቀለበት ተከፍቶ አንድ ኢስተር (አሲዱንና ሙጫውን የሚያያይዝ ትስስር) እና አንድ ነጻ ሃይድሮክሲል (የኦክስጅንና የሃይድሮጅን ጥንድ) ይተዋል፤ ሲሞቅ በዚንክ አሲቴት አፋጣኝነት የሚለዋወጡት እነዚህ ናቸው። ዚንክ አሲቴቱ ብዙውን ጊዜ ውኃ አዝሎ ስለሚሸጥ አስቀድሞ ካልደረቀ እንፋሎቱ ቁሱን በአረፋ ይሞላዋል።

ከሁሉም በላይ ያስተማረኝ የመብራት መቆራረጥ ነው። የሙጫውም የአሲዱም ሞለኪውል ከሌላው ጋር የሚያያዝበት ሁለት ሁለት እጅ ብቻ ስላለው መጀመሪያ የሚፈጠረው ረጃጅም ሰንሰለት ነው፤ መረቡ የሚሠራው ልውውጡ ከተጀመረ በኋላ፣ ማለትም ቁሱ ለዓይን የበሰለ በሚመስልበት ሰዓት ነው። መብራት በመካከሉ ሲጠፋ ከምድጃው የሚወጣው ሰሌዳ በእጅ ሲነኩት ከበሰለው አይለይም፤ ጠንካራ ማሟሚያ ውስጥ ሲያድር ግን ይሟሟል። መረብ የሠራው ማሟሚያውን ጠጥቶ ያብጣል እንጂ አይሟሟም። ስለዚህ ይህን ፈተና ያላለፈ ናሙና ወደ ፕሬስ፣ ማለትም በሙቀት ወደሚጫነው ማሽን፣ አላስገባም፤ ያልተሳሰረ ቁስማ በሙቀት ቢፈስ ምን ይገርማል?

ፈተናውን ያለፈውን ፈጭቼ በ200 ዲግሪ ስጫነው ፍርፋሪው ተዋህዶ አንድ ሰሌዳ ወጣው። በእኔ አስተያየት ግን የመሰበሪያ ጥንካሬው ከመጀመሪያው ጋር ሳይነጻጸር ዳግም ጥቅም ላይ ይውላል ማለት ችኮላ ነው። ሌላም ዕዳ አለበት፤ ዳግም እንዲቀረጽ የሚያስችለው ልውውጥ፣ ቁሱ ሸክም ተሸክሞ በሚሞቅበት ጊዜ ቀስ በቀስ እንዲለጠጥ ስለሚያደርገው፣ ከሞተር አጠገብ ለሚገጠም ዕቃ አልመርጠውም። ዚንኩን መቀነስ መለጠጡን ያዘገየዋል፤ በፕሬስ ሥር የሚቆይበትን ጊዜ ግን ያረዝመዋል።