ፕሮግራሙ ላይ የሌለው ፈጢራ

ድሬዳዋ ተወልጄ ስላደግኩ ወደ ምሥራቅ የሚሄድ እንግዳ ሲመጣ ብዙ ጊዜ የሚሰጠው ለእኔ ነው። የምሠራበት አስጎብኚ ቢሮ ፕሮግራም ሁሌም ያው ነው። ጠዋት በአውሮፕላን ድሬ፣ በደንገጎ ሽቅብ ወጥቶ ሐረር፣ ጀጎል፣ የፈረንሳዊው ገጣሚ የራምቦ ቤት፣ ምሳ ሆቴል፣ ማታ ጅብ ሲበላ ማየት፣ በነጋታው መመለስ። ምግብ እዚህ ውስጥ ቦታ የለውም። ያለው የምሳ ሰዓት ብቻ ነው።

ያን ጊዜ የመጡት ጣሊያናውያን ባልና ሚስት ነበሩ። ባልየው ዳቦ ጋጋሪ ነው። ገና ከኤርፖርቱ ሳንወጣ «የከተማው ሰው ቁርሱን የት ነው የሚበላው?» አለኝ። እንዲህ ብሎ የሚጠይቅ እንግዳ እንዴት ደስ እንደሚል! ቀጥታ ቀፊራ ገበያ አካባቢ ወዳለ ፈጢራ ቤት ወሰድኳቸው።

ፈጢራ ሲሠራ ሳያይ ድሬን አየሁ የሚል ሰው አይገባኝም። ሠሪው ዘይት የጠጣውን ሊጥ በመዳፉ ይጠፈጥፈዋል። ከዚያ እያነሳ እያራገበ ጠረጴዛው ላይ ይስበዋል። ሊጡ ይሳሳል፣ ይሰፋል፣ በመጨረሻ የጠረጴዛው ቀለም በሊጡ ውስጥ አልፎ ይታያል። እንቁላሉን መሐሉ ላይ አፍስሶ ጠርዞቹን በላዩ ያጥፋል። የብረት ምጣዱ ላይ ሲያርፍ ቸስ ይላል። ከላይ ማር።

እንግዳዬ ወንበር ቢሰጡትም አልተቀመጠም። ቆሞ የሰውየውን እጅ ብቻ ያያል። ቆይቶ በምልክት «ልሞክር?» አለ። ሠሪው «አቦ ና! ምን ችግር አለ?» ብሎ ቦታውን ለቀቀለት። ሊጡ ተቀደደ። ሁለተኛውም ተቀደደ። ሠሪው እጁን ይዞ ከመሐል ሳይሆን ከዳር ከዳር እንደሚሳብ አሳየው። አንዱ የሌላውን ቋንቋ አያውቅም። ሁለቱም ግን ሊጥ ያውቃሉ።

ስልኬ የጮኸው እዚህ ላይ ነው። ከቢሮ ነው።

«የት ደረሳችሁ?»

«ድሬ ነን። ቁርስ እየበላን ነው። ምሳም ጀጎል ውስጥ ይሁንልን ብለዋል።»

«ምሳ እኮ ሆቴል ታዟል። ሆዳቸውን ቢያማቸው ማን ነው የሚጠየቀው?»

«እኔ።»

«ስማ፣ ከአውሮፓ ድረስ ሳምቡሳ ሊበላ የሚመጣ ሰው የለም።»

ይህችን ንግግር እስከ ዛሬ አልዋጥኳትም። ሰዎቹ የመጡት ቦሎኛና ፓርማ ካሉበት አገር ነው። ሰው እዚያ ለምግቡ ብሎ ትኬት ቆርጦ ይሄዳል። ጀጎልን በ2006 እ.ኤ.አ. በዓለም ቅርስነት የመዘገበው ዩኔስኮ ራሱ በምግባቸው የሚመርጣቸው ከተሞች አሉት። ፓርማና የቱርኳ ጋዚያንቴፕ በ2015 እ.ኤ.አ. ገብተዋል። ለግንቡ ሲሆን ዩኔስኮን የምንጠቅስ ሰዎች ለምግቡ ሲሆን ለምን እናፍራለን?

ሐረር ደርሰን ግንቡንም የራምቦንም ቤት አየን። ብዙ የቆዩት ግን ሥጋ ገበያው አካባቢ ነው። ባልየው የግመል ሥጋ ሳምቡሳ በላ። ሚስትየው ሥጋ ስለማትበላ የምስሩን ወሰደች። ባጂያ ቀመሱ፣ ሐላዋ አስጠቀለሉ። ከሰዓት በኋላ አንዲት እናት ቤት ገብተን ከቡና ገለባ የሚፈላውን ሆጃ ጠጣን። «ልጄ፣ ወተቱ በዛ ይበልላቸው?» አሉኝ። ይብዛላቸው አልኩ። ሆዱን ያመመው ሰው አልነበረም። የሆቴሉ ምሳ ሒሳብ ግን ከደመወዜ ተቆረጠ።

ጣሊያናውያኑ አገራቸው ገብተው ጓደኞቻቸውን ላኩልን። ጓደኞቻቸው ለቢሮው ሲጽፉ መጀመሪያ የጠየቁት ስለ ፈጢራው ነው። ከዚያ በኋላ አዲስ ፕሮግራም ወጣ፤ ርዕሱ ላይም «ምግብ» የሚል ቃል ገባበት። ደስ ብሎኝ ገለጥኩት። የመጀመሪያው ቀን «ፈጢራ፣ በሆቴሉ ቡፌ» ይላል።

ወዲያው ደወልኩ። «ንጽሕናው ያስተማምናል» ተባልኩ። ፈጢራ እኮ ዓይንህ እያየ እሳት ላይ ወጥቶ ትኩሱን የሚበላ ነገር ነው። ከምጣድ ወደ አፍ ከሚሄድ ምግብና ቡፌ ላይ ተደርድሮ ከሚቆይ ምግብ የቱ ነው የሚያሰጋው? ደግሞስ ሠሪው በሌለበት፣ ሊጡ ሲሳብ በማይታይበት፣ ማሩ ቀዝቅዞ በሚጠብቅበት ቦታ ሰው ምን አየሁ ብሎ ይመለሳል?

ለአዳዲስ አስጎብኚዎች ሁሌም የምመክረው ነገር አለ። ከቢሮ ጋር በስልክ አትከራከሩ፣ ሐሳባችሁን በጽሑፍ አስገቡ፣ መልስ ሳታገኙ ፕሮግራም አትቀይሩ። እኔም በጽሑፍ አስገብቻለሁ። መልስ አልመጣም። ለሚቀጥለው ሳምንት እንግዶች ግን ፈጢራ ሠሪውን አነጋግሬዋለሁ። አራት ናቸው፤ ሁለቱ ማር አይፈልጉም።