አፕዴት መዝጋቱን ትቼ ቀን ቆረጥኩለት

የቤታችንን ኮምፒውተሮች አፕዴት በደብተር መመዝገብ ከጀመርኩ ስድስት ወር ሆነኝ። የምጽፈው ትንሽ ነው፦ ቀኑን፣ የበላውን ዳታ፣ የፈጀውን ሰዓት፣ መብራት መኖር አለመኖሩን። እንደኔ በሞባይል ሆትስፖት የምትሠሩ ብዙ ስለሆናችሁ እስካሁን ያየሁትን ላካፍላችሁ።

በፊት መፍትሔዬ አንድ ብቻ ነበር፤ ጥርቅም አድርጎ መዝጋት። ዳታዬ ተረፈልኝ፣ እኔም ረሳሁት። ሐሳቤን ያስለወጠኝ የዋናክራይ ታሪክ ነው። ያ ቫይረስ ግንቦት 4 ቀን 2009 ዓ.ም. ዓለምን ሲያዳርስ የብሪታንያ ሆስፒታሎች ሳይቀሩ የሕመምተኛ ቀጠሮ እስከ መሰረዝ ደርሰው ነበር። የገባበትን ቀዳዳ የሚደፍነው አፕዴት ግን መጋቢት 5 ላይ ወጥቷል። ቫይረሱ የመጣው አፕዴቱ ከወጣ ሁለት ወር ሊሞላው ሲል ነው ማለት ነው። ይህን ካነበብኩ በኋላ የልጆቼ ፎቶ በሙሉ ያለበትን ላፕቶፕ ሳየው እንቅልፍ አልወስድህ አለኝ። በማግስቱ አፕዴቱን መልሼ ከፈትኩት።

መጀመሪያ የገጠመኝ የዳታ ጉዳይ ነው። ዊንዶውስ ላይ «ሚተርድ ኮኔክሽን» የሚባል ማብሪያ አለ። የዋይፋዩ ፕሮፐርቲስ ውስጥ ገብታችሁ ታበሩታላችሁ። ያኔ ኮምፒውተሩ ኢንተርኔቱ ተቆጥሮ የሚከፈልበት መሆኑን ያውቃል፤ አብዛኛውን አፕዴት ሳይጠይቅ አያወርድም። ግሩም ነገር ነው። ግን አንድ ነገር ልብ በሉ። ማብሪያው የሚሠራው ለዚያ ለአንዱ ዋይፋይ ብቻ ነው። እኔ መጋቢት ላይ ስልክ ቀየርኩ፤ የሆትስፖቱ ስም አብሮ ተቀየረ። ላፕቶፑ አዲስ መስመር መሰለው። ማታ የገዛሁት ጥቅል ጠዋት አልነበረም። አሁን ስልክ በተቀየረ ቁጥር መጀመሪያ የማደርገው እሱን ማብራት ነው።

ቀን መቁረጡ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ማይክሮሶፍት ዋናውን የደህንነት አፕዴት የሚያወጣው በፈረንጆቹ ወር ሁለተኛው ማክሰኞ ነው። በእኛ ሰዓት ማታ 2 ወይም 3 ሰዓት ላይ ይሆናል፤ እንደነሱ ሰዓት መቀያየር። እኔ በዚያው ማታ አልነካውም። ችግር ያለበት አፕዴት ከሆነ በጥቂት ቀን ውስጥ ወሬው ይሰማል። ስለዚህ የተከታዩን ሳምንት ዓርብ ይዣለሁ። እስከዚያ «ፖዝ» አደርገዋለሁ። እስከ አምስት ሳምንት ድረስ ማቆየት ይቻላል፤ ከዚያ በኋላ ሳይጭን ድጋሚ ፖዝ አይቀበልም። ዓርብ የሌሊት ጥቅል እገዛለሁ፣ ሚተርዱን አጠፋለሁ፣ ሲያወርድ ያድራል። ጠዋት መልሼ አበራዋለሁ።

«አክቲቭ አወርስ» የሚለውንም አስተካክሉ፤ በሥራ ሰዓታችሁ በራሱ ሪስታርት እንዳያደርግ ነው። እስከ 18 ሰዓት ድረስ ይፈቅዳል። ሰዓቱ የፈረንጅ መሆኑን ግን አትርሱ። እኔ ከጠዋቱ 12 እስከ ሌሊቱ 6 ብዬ ያሰብኩትን የሞላሁት 6 ኤኤም እና 12 ኤኤም ብዬ ነው።

አሁን ወደ መብራቱ። የካቲት ውስጥ አንድ ማታ ሪስታርት ብዬ ቁጭ አልኩ። ስክሪኑ 74 ፐርሰንት ሲል መብራት ድርግም አለ። የላፕቶፔ ባትሪ ሞቶ ስለነበር አብሮ ጠፋ። ሻማ አብርቼ ጠበቅሁ። ከሁለት ሰዓት በኋላ መብራት መጣ፤ ስከፍተው የተደረገውን ለውጥ እየመለስኩ ነው የሚል ጽሑፍ ወጣ። ነጠብጣቦቹ ይዞራሉ፣ ይዞራሉ። ባለቤቴ «አጥፍተህ ለምን አታበራውም?» አለችኝ። እጄ ማጥፊያው ላይ ነበር፤ ግን አልተጫንኩትም። ሃምሳ ደቂቃ ፈጀ። ከዚያ የልጆቹ ፎቶ ያለበት የመግቢያ ገጽ መጣ። ወደ ነበረበት ተመልሷል፤ አንድም ፋይል አልጠፋም።

ከዚያ ማታ ወዲህ ሥራውን ለሁለት ከፈልኩት። ማውረዱ ቢቋረጥም ካቆመበት ይቀጥላል፤ እሱ አያስፈራም። የሚያስፈራው ሪስታርቱ ነው። እሱን በራሴ እጅ፣ ቅዳሜ ጠዋት፣ ባትሪው ሙሉ ሆኖ አደርገዋለሁ። አዲስ ባትሪም ገዛሁ። ዋጋው ወገብ ይቆርጣል፤ ግን በዚህ ስድስት ወር ካወጣሁት ገንዘብ ሁሉ የማልቆጭበት እሱ ነው። ፎቶዎቹንም ውጫዊ ሃርድ ዲስክ ላይ እገለብጣለሁ።

በዓመት አንዴ የሚመጣው ትልቁ አፕዴት ለብቻው ይታይ። እሱ ከተጫነ በኋላ ካልተስማማችሁ 10 ቀን አላችሁ፤ ከሴቲንግ ሪከቨሪ ገብታችሁ «ጎ ባክ» ማለት ትችላላችሁ። ለዚሁ ብሎ የሚያስቀምጠው «ዊንዶውስ ኦልድ» የሚል ፎልደር ሲ ድራይቭ ላይ ብዙ ጊጋ ይይዛል። ቦታ ጠበበኝ ብላችሁ በሁለተኛው ቀን ካጠፋችሁት መመለሻው አብሮ ይሄዳል።

የባለቤቴም ላፕቶፕ እንደኔው ዊንዶውስ 11 ነው። አፕዴት ለመጋራት የሚያገለግለው «ደሊቨሪ ኦፕቲማይዜሽን» ውስጥ ገብቼ ቤት ውስጥ ካሉ ኮምፒውተሮች ጋር ብቻ እንዲጋራ አደረግሁት። አንደኛው ያወረደውን ሌላው በዚያው ሆትስፖት ከሱ ይወስዳል። ኢንተርኔት ላይ ካሉ ኮምፒውተሮችም ጋር የሚለውን አትምረጡ፤ የናንተን ዳታ ለማያውቃችሁ ሰው ይልካል። ባለፈው ዓርብ የደብተሬ መስመር እንዲህ ይላል፦ «የኔ 1.3 ጊጋ። የእሷ 200 ሜጋ። መብራት ነበረ። ሪስታርት 11 ደቂቃ።»

የቀረኝ የልጆቹ አሮጌ ዴስክቶፕ ነው። ዊንዶውስ 10 ላይ ነው፤ ድጋፉ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አብቅቷል። ቲፒኤም 2.0 የሚባለው የደህንነት ቺፕ ስለሌለው 11ን አይቀበልም። ለጊዜው በተጨማሪው የደህንነት አፕዴት አስመዝግቤዋለሁ፤ እሱም ለዘለዓለም አይደለም። በጎን በዊንዶውስ ፈንታ የሚጫነውን ነፃውን ሊኑክስ ሚንትን በፍላሽ እየሞከርኩት ነው፤ አማርኛ መጻፊያውን ግን ገና አላስተካከልኩም። ከእናንተ መሃል የሠራበት ካለ እንዴት እንዳደረጋችሁት ንገሩኝ።